በካርታ ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የጂኦግራፊ መምህራችን አንድ ቀን ጥቁር የስፌት ክር ጠቅልለው ይዘው ወደ ክፍል ገቡ። ግድግዳው ላይ ማጠፊያው የነጣ፣ ጠርዙ የተበላ የኢትዮጵያ ካርታ ተሰቅሎ ነበር። ሁለታችንን አስነሡና «በሉ፣ ዓባይን ከጣና እስከ ሱዳን ጠረፍ ለኩልኝ» አሉን። አንዳችን ክሩን በጣታችን ስንጫን ሌላችን በወንዙ ጠመዝማዛ ላይ እያስኬድን ለካን፤ ክሩን ዘርግተን በማስመሪያ አነበብነው፤ በካርታው ግርጌ በተጻፈው ቁጥር አባዝተን በሰሌዳው ላይ ጻፍነው። በሳምንቱ መምህሩ ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ ያንኑ አገር በብዙ ወረቀት ከፋፍሎ የሚያሳይ ሌላ ካርታ ተሸክመው መጡ። ወረቀቶቹን መሬት ላይ ደርድረን፣ ተንበርክከን ያንኑ ወንዝ እንደገና ለካነው። ወንዙ ረዘመ። ጥቂት አይደለም፣ ብዙ ረዘመ።

«ጋሼ፣ ተሳስተናል» አልናቸው።

«አልተሳሳታችሁም። ፊተኛው ካርታ የዘለለውን ይኸኛው ስለቆጠረው ነው» አሉና ክራቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

ያ ክር ለብዙ ዓመታት ከአእምሮዬ ጠፍቶ ኖሯል። መልሶ ያመጣብኝ የዓድዋን ጦርነት ታሪክ ሳገላብጥ ያገኘሁት አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ እሱን ወደ ኋላ አነሣዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የካርታ መስፈርት፣ በተለምዶ «ስኬል» የምንለው፣ የተማሪ ሒሳብ ብቻ መስሎ አይታየኝም። ሰው ያለቀበት፣ መንግሥታት የተካሰሱበት ነገር ነው።

ሒሳቡ በራሱ ቀላል ነው። በካርታው ላይ ያለችው አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር ናት? ይኸው ነው ጥያቄው። ካርታው 1:50,000 የሚል ከሆነ አንዷ ሴንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ናት። 1:1,000,000 የሚል ከሆነ ያችው ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር ትሸፍናለች። ብዙ ሰው የሚደናገረው ስሙ ላይ ነው፤ ባለሙያዎች «ትልቅ መስፈርት» የሚሉት ትንሽ አገር የሚያሳየውን፣ «ትንሽ መስፈርት» የሚሉት ደግሞ ዓለሙን ሁሉ በአንድ ገጽ የሚያጭቀውን ነው። ግልብጥ ይመስላል። ግን አንድ ድፎ ዳቦ ለሃምሳ ሰውና ለሺህ ሰው ሲቆረስ አስቡት። ቁጥሩ የበዛበት ቁራሽ ነው የሚያንሰው።

ሒሳቡ የማይነግረን ሌላ ነገር አለ። በ1:1,000,000 ካርታ ላይ ሁለት መቶ ሜትር ስፋት ያላት መንደር በእውነተኛ መጠኗ ትሣል ቢባል የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ትሆናለች፤ የእርሳስ ጫፍ ንክኪ ናት። አሥር ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ደግሞ ከነጭራሹ ለዓይን አይታይም። ስለዚህ ካርታ ሠሪው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ይተወዋል፣ ወይ ከእውነቱ አብዝቶ አወፍሮ ይሥለዋል። ወፍራሙ መንገድ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ወንዝ ገፋ ያደርገዋል። እንዲህ እያለ ሠሪው እያወቀ፣ በሕግ እያዛባ ይሄዳል። ይህ ነውር አይደለም፤ አገርን በወረቀት ላይ ለማስፈር ሌላ መንገድ የለም። ነውሩ የሚመጣው አንባቢው በአንዱ መስፈርት የተሠራውን ካርታ በሌላ መስፈርት የሚመለስ ጥያቄ ሲጠይቀው ነው።

የእኛ አባቶች ርቀትን የሚለኩት በአካላቸውና በፀሐይ ነበር። ጣት፣ ጋት፣ ስንዝር፣ ክንድ ለቅርቡ፤ ለሩቁ ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ፣ የሦስት ቀን መንገድ። ገጠር የተጓዘ ሁሉ «እዚህች ናት» የሚለውን መልስ ያውቀዋል። እዚህች የተባለችው ሦስት ሰዓት ታስኬዳለች፤ መንገደኛው ይበሳጫል፣ ባላገሩ ግን አልዋሸም። እሱ የሚለካው በእግሩ ነው፤ የከተሜው እግር በሱ መስፈርት ውስጥ አልገባም። ዳገቱ፣ ወንዙ፣ የበቅሎው ጭነት ሁሉ በቀኑ መንገድ ውስጥ ተቆጥሮ ያለቀ ነው።

የሚገርመው የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች ለረጅም ዘመን ኢትዮጵያን የሣሉት በዚሁ ልኬት መሆኑ ነው። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ ሲያወጣ አገራችንን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ሳያያትም ሞተ። ካገዙት ዋነኛው የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። በሮም ተገናኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ1652 በጀርመን አገር ጎታ በተባለው ከተማ መስፍኑ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ስለ አገሩ፣ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ወንዙ ሲጨዋወቱ ሉዶልፍ ይጽፍ ነበር። የኢየሱሳውያኑንም ጽሑፍ ጨመረበት። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እ.ኤ.አ. በ1658 በመርከብ አደጋ ባሕር ላይ ቀሩ፤ ካርታው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ታተመ። አንድ መነኩሴ በስደት አገር ተቀምጦ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ እያሰበ የተናገረው ቃል በወረቀት ላይ መስመር ሲሆን ይታየኛል። ካርታው ለዘመኑ እጅግ የተሻለ ነበር፤ ከፊቱ የነበሩት ኢትዮጵያን እስከ አፍሪካ ደቡብ ድረስ ይለጥጧት ነበርና። ቢሆንም በሱ ላይ በማስመሪያ መለካት ራስን ማታለል ነው።

መሬታችንን በሰፊው በመሣሪያ የለካ ሰው የመጣው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ነው። አንቷን ዳባዲ የተባለው ሰው ከወንድሙ ከአርኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ1838 ምጽዋ ደረሰና እስከ 1848 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃም፣ እስከ እናርያና ከፋ ድረስ ተዘዋወረ። ቴዎዶላይት የሚባለውን የማዕዘን መለኪያ በየተራራው ጫፍ እየተከለ፣ ከአንዱ ጫፍ ሌላውን እያየ፣ አገሩን በሦስት ማዕዘን መረብ አሰረው። ውጤቱ «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» በሚል እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 ታተመ። ከዚህ ሰው ሥራ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መሣሪያው የሚሰጠው ማዕዘን ነው። ያ ከሩቅ የሚታየው ተራራ ማን እንደሚባል መሣሪያው አያውቅም። ስሙ የሚገኘው ከሰው አፍ ብቻ ነው፤ ሰውም ሁለት ከሆነ ስሙ ሁለት ሊሆን ይችላል። ልኩ ትክክል ሆኖ ስሙ የተሳሳተ ካርታ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ወደ ዓድዋ እንሂድ።

ጊዜው የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ምሽት ነው። ጄኔራል ባራቲየሪ እንትጮ አጠገብ ሳውሪያ ላይ ሠፍሯል። ስንቁ እያለቀ ነው፤ ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ የሚልኩት ቴሌግራም ውርደት የተሞላ ነው፤ አራቱ ጄኔራሎቹም ማፈግፈጉን አልወደዱም። ስለዚህ እንዲህ አቀደ። ጦሩ በሌሊት ተጉዞ፣ ሲነጋ ከዓድዋ ፊት ለፊት ባሉት ኮረብቶችና በሮች ላይ ተደርድሮ ይገኛል። ዳቦርሚዳ በቀኝ የረቢ አርእየኒን በር ይይዛል። አልበርቶኔ በግራ የኪዳነ ምሕረትን። አሪሞንዲ በመካከል ከራእዮ ተራራ ፊት፣ ኤሌና ከኋላ በተጠባባቂነት። ምኒልክ ከመጡ ምሽግ ላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ ካልመጡ በክብር ይመለሳል። ወደ 17,700 የሚሆን ሠራዊትና 56 መድፍ ነበረው። በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ዕቅድ ነው። ወረቀቱ ግን አንድ ንድፍ ነበር።

ለጄኔራሎቹ ከትእዛዙ ጋር የታደላቸው ይህ ንድፍ ተራሮቹን፣ በሮቹንና ስማቸውን ያሳያል። ንድፍና ካርታ ይለያያሉ። ካርታ ሁሉንም ነገር በአንድ መስፈርት ለማስቀመጥ ቃል የገባ ሥራ ነው፤ ንድፍ ግን ይህን ቃል አይገባም፤ ይኸኛው ከዚያኛው ቀጥሎ ነው ብቻ ነው የሚለው። ችግሩ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቀለም፣ በአንድ ዓይነት ጥላ መሣላቸው ነው። ቸኩሎ ለሚያይ ሰው፣ ይልቁንም በሌሊት በፋኖስ ለሚያይ፣ አንድ ናቸው።

በንድፉ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» የሚለው ስም የተጻፈው ከራእዮ አጠገብ፣ የጣልያኑ መስመር በግራ በኩል በሚያበቃበት ኮረብታ ላይ ነው። የአገሩ ሰው እንዳ ኪዳነ ምሕረት የሚለው ቦታ ግን እዚያ አልነበረም፤ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ፊት፣ ወደ ዓድዋ፣ ወደ ምኒልክ ሠፈር አፍንጫ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ኪዳነ ምሕረት የማይባል ቦታ በኢትዮጵያ ውስጥ የት አለ? የተራራ ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የጣልያኑ ሹም ጣቱን ቀስሮ «ያ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ባላገሩ የኮረብታውን ስም ይንገረው፣ የደብሩን አቅጣጫ ይንገረው፣ ማን ያውቃል!

ጉዞው ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ተጀመረ። በመንገዱ ላይ የአልበርቶኔ ጦር ከአሪሞንዲ ጦር ጋር ተቆላለፈ፤ አሪሞንዲ ቆሞ ለማሳለፍ ተገደደ፤ ሰዓት ባከነ። ሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ አልበርቶኔ በንድፉ ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ ላይ ደረሰ። በወረቀቱ መሠረት ደርሷል፤ ተልእኮው አልቋል። አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። በቀኙ ይመጣል የተባለው አሪሞንዲ የለም። መንገድ መሪዎቹን ጠየቀ፤ እነሱም ይህ ኪዳነ ምሕረት አይደለም፣ ኪዳነ ምሕረት ከዚህ በላይ ነው አሉት። እውነታቸውን ነበር።

እዚህ ላይ ያ ጄኔራል የቆመበትን ሁኔታ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ሳስበው ግን ጨንቆኝ ያውቃል። በአንድ እጁ ወረቀት፣ በሌላው የሰው ቃል። ወረቀቱ «ቁም» ይላል፤ ስሙ ግን «ሂድ» ይላል። ትእዛዙ የተጻፈው በስም ነው። ስለዚህ ሄደ። ሲነጋጋ የፊተኛው ሻለቃው ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተጋጠመ፤ ወንድሞቹ ጄኔራሎች ከኋላው ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ርቀው ነበር። አንዱ ሌላውን ሊረዳ አልቻለም። ዳቦርሚዳ ከአልበርቶኔ ጋር ሊገናኝ ተልኮ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ፤ እዚያው ቀረ። አሪሞንዲም ሞተ፤ አልበርቶኔ ተማረከ። አንድ ግንባር ይሆናል የተባለው ጦር ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ በየተራው ተደመሰሰ።

በዚያን ጊዜ ከነበሩት የጣልያን ካርታዎች ታዋቂው ካፒቴን ደ ሾራን እ.ኤ.አ. በ1894 ያዘጋጀው የኢትዮጵያ ካርታ ነው፤ መስፈርቱ 1:1,000,000። ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል በዚህ ካርታ ላይ ስንት ነው? ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል። የአውራ ጣት ጥፍር ጣል ቢደረግበት ሁለቱም ኪዳነ ምሕረት፣ እውነተኛውም ሐሰተኛውም፣ ከነራእዮ ተሸፍነው ይቀራሉ። ሮም ላይ ሆኖ ጦርነት ለሚመራ ሚኒስትር ይህ ካርታ በቂ ነው፤ በሌሊት ብርጌድ ለሚመራ ሰው ግን ባዶ ወረቀት ነው። በ1:50,000 ቢሆን ያችው ርቀት 13 ሴንቲ ሜትር ትሆን ነበር። አሥራ ሦስት ሴንቲ ሜትርን ደግሞ በፋኖስም ቢሆን ማንም አይስታትም።

አንባቢዬ እንዳይሳሳትብኝ እፈልጋለሁ። ጣልያንን ዓድዋ ላይ ያሸነፈው የተበላሸ ንድፍ ነው የሚል ወሬ በአውሮፓ ጸሐፊዎች ዘንድ የተወደደ ነው፤ ምክንያቱም ይመቻል። ባራቲየሪ ራሱ በማስታወሻው ጥፋቱን በአልበርቶኔ ላይ ጥሎ ነበር፤ አስመራ ላይ የተሰየመው የጦር ፍርድ ቤትም ብቃቱን ነቅፎ በነፃ ለቀቀው። ያሸነፈው ግን ወረቀት አይደለም፤ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከትግራይ ተሰብስቦ በእግሩ የመጣ ሕዝብ ነው። እንዲያውም በካርታ ጉዳይ ከተነጋገርን፣ የምኒልክ ጦር ካርታ ባይኖረውም አገሩን በ1:1 የሚያውቁ ሰዎች ነበሩት። የእንትጮው ባሻ አውአሎም የጣልያኑን ሠፈር እየገባ እየወጣ ለባራቲየሪ የተሳሳተ ወሬ፣ ለወገኑ እውነተኛውን ሲያቀብል ያንን ተራራ በስሙም፣ በመንገዱም፣ በድንጋዩም ያውቀው ነበር። ጣልያኖቹ ከዚያ በፊት ዓድዋ የገቡ ናቸው፤ ኦሬሮ በ1882፣ ባራቲየሪም በ1887 ገብተዋል። መግባትና መለካት ግን የተለያየ ነገር ነው።

ከዓድዋ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ወረቀት መጣ፤ የድንበር ውል። ጣልያንና ኢትዮጵያ ስለ ኤርትራ ወሰን ሦስት ጊዜ ተፈራረሙ፤ በሐምሌ 1892፣ በግንቦት 1894 እና በግንቦት 1900 ዓ.ም.። የመጀመሪያው ከመረብ፣ ከበለሳና ከሙና ወንዞች ጋር የሚሄድ መስመር ነው፤ ሁለተኛው የምዕራቡን ክፍል ለወጠው፤ ከተከዜ ተነሥቶ ማይተብ በተባለ ወንዝ ይሄድና መረብ ከማይ አምበሳ ጋር የሚገናኝበት ይደርሳል። ሦስተኛው ስለ ምሥራቁ ነው፤ ድንበሩ ከባሕሩ ጠረፍ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከጠረፉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይሂድ ይላል።

እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ። ሲነበቡ የጠሩ ናቸው። መሬት ላይ ሲወርዱ ነው ጉዱ። ማይተብ የቱ ነው? በየዘመኑ በወጡት ካርታዎች ላይ ይህ ስምና እሱን የሚመስሉ ስሞች በተለያዩ ወንዞች ላይ ተጽፈዋል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በሄግ ከተደረጉት ትልልቅ ክርክሮች አንዱም ይኸው ነበር። ኪዳነ ምሕረት እንደገና መጣች ማለት ነው፤ ስም ከቦታው ተንሳፍፎ። በዚያ ላይ የብዕሩ ውፍረት አለ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር በ1:1,000,000 ካርታ ላይ መሬት ላይ 500 ሜትር ስፋት ይሸፍናል። በዚያ ውስጥ ስንት ቤት፣ ስንት ማሳ፣ ስንት የውሃ ጉድጓድ ይገባል? ፈራሚዎቹ ይህን ጥያቄ አልጠየቁም፤ ሊጠይቁም አይጠበቅባቸው ይሆናል።

የስልሳ ኪሎ ሜትሩ ነገር ደግሞ የመምህሬን ክር ያስታውሰኛል። ከጠረፍ ጋር ትይዩ ማለት ከየትኛው ጠረፍ ጋር? በትንሽ መስፈርት የተሣለ ጠረፍ ለስላሳ ነው፤ በትልቅ መስፈርት ሲታይ ባሕረ ሰላጤው፣ ምላሱ፣ ሰርጡ ሁሉ ብቅ ይላል። የዚህን ነገር ምሥጢር በቁጥር ያወጣው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብና የአየር ጠባይ ሊቅ ነው። ሪቻርድሰን ጦርነትን የሚጠላ ሰው ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአምቡላንስ ነጂነት አገልግሏል። በኋላ አገሮች ለምን እንደሚዋጉ በሒሳብ ሊመረምር ተነሣና አንድ ጥያቄ አነሣ፤ ሁለት አገሮች የሚጋሩት ድንበር በረዘመ ቁጥር ጦርነት ይበዛ ይሆን? ይህን ለማወቅ የድንበሮቹን ርዝመት መሰብሰብ ጀመረ። ያኔ ነው ግራ የተጋባው። በስፔንና በፖርቱጋል መካከል ያለው ድንበር በስፔን መጽሐፍ 987 ኪሎ ሜትር፣ በፖርቱጋል መጽሐፍ 1,214 ኪሎ ሜትር ሆኖ አገኘው። የሆላንድና የቤልጅግም እንዲሁ፤ አንዱ 380 ሲል ሌላው 449 ይላል። የዋሸ አልነበረም። የመለኪያው እርምጃ ባጠረ ቁጥር ድንበሩ ይረዝማል፤ ጠምዛዛ ጠረፍ ሲሆንማ ማቆሚያ የለውም። ጥናቱ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ቤኑዋ ማንዴልብሮት እ.ኤ.አ. በ1967 አንሥቶት የእንግሊዝ ጠረፍ ርዝመቱ ስንት ነው የሚለውን የታወቀ ጽሑፉን ጻፈ። እኔን የሚነካኝ ግን ሒሳቡ አይደለም። ሰውዬው የጦርነትን ምክንያት ሲፈልግ መንገድ ላይ ያገኘው መሆኑ ነው።

ከውሎቹ በኋላ ድንበሩ መሬት ላይ በችካል ሳይመለከት ዘመን አለፈ፤ የጣልያን ወረራ መጣ፣ ፌዴሬሽን መጣ፣ ውሕደት መጣ፣ ነፃነት መጣ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። ያንን ጦርነት ካርታ አመጣው አልልም፤ እንዲህ ማለት በሞቱት በአሥር ሺዎች ላይ መቀለድ ነው። ግን ጦርነቱ አብቅቶ በታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ስምምነት ሲፈረም፣ የድንበር ኮሚሽን ተቋቁሞ እነዚያኑ የ1892ን፣ የ1894ንና የ1900ን ወረቀቶች እንደገና ለማንበብ ተቀመጠ።

ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን ሰጠ። ያን ቀን የነበረ ሰው ያስታውሳል። ባድመ ለማን ሆነች? በአዲስ አበባም፣ በአስመራም «ለእኛ» ተባለ፤ በሁለቱም ወገን ደስታ ሆነ። እንዴት ሊሆን ቻለ? ከውሳኔው ጋር የወጣው ካርታ ባድመን አላሳየም። በ1894ቱ ውልም ስሟ የለም። የተሰጡት የኬንትሮስና የኬክሮስ ቁጥሮች ነበሩ፤ ቁጥሮቹን ከመንደሯ ጋር ለማገናኘት ደግሞ ሌላ ካርታ፣ ሌላ መስፈርት ያስፈልጋል። ለብዙ ገጽ የሕግ ክርክር የበቃ ካርታ ልጁን ለቀበረ ሰው ጥያቄ አልበቃም። ነገሩ የጠራው ኮሚሽኑ በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ሌላ ማብራሪያ ሲሰጥ ነው፤ ባድመ በኤርትራ በኩል ናት አለ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉም ስለሚያውቀው አጠር አድርጌ ልለፈው። ኮሚሽኑ ችካል ሊተክል መስክ መውጣት ስላልቻለ በኅዳር 1999 ዓ.ም. የችካሎቹን ቦታ በቁጥር ዘርዝሮ በ1:25,000 ካርታዎች ላይ አመለከተ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ድንበሩ በዚሁ እንደተካለለ ይቆጠራል ብሎ ተበተነ። ኢትዮጵያ ይህን አካሄድ አልተቀበለችም ነበር፤ የሁለቱ አገሮች የሰላም መግለጫ የተፈረመው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። እኔ እዚህ የሚያቆመኝ የመስፈርቱ ቁጥር ነው። በ1:1,000,000 አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ በ1:25,000 አንድ ሚሊ ሜትር 25 ሜትር ነው። የመጀመሪያው ላይ መንደር ይጠፋል። ሁለተኛው ላይ የአንድ ሰው ግቢ ከነበረቱ ይታያል። መቶ ዓመት ሙሉ የተዋረሰው ወረቀት በመጨረሻ የአንድን ገበሬ አጥር ወደሚያይበት ርቀት ሲጠጋ፣ አጥሩ በየት በኩል እንደሆነ መወሰን ግድ ሆነ። ከሩቅ ሲታይ ይህ ጥያቄ አልነበረም።

በኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ያህል የሚጠጋ ካርታ መሥራት የተጀመረው ዘግይቶ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ የካርታና ጂኦግራፊ ተቋም ተመሠረተ፤ ወዲያው ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት የመሬት ልኬቱ መረብ ከሱዳን በኩል ተስቦ መጣ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በካርታዎቻችን ግርጌ «አዲንዳን» የሚል ቃል የሚታየው ለዚህ ነው፤ የልኬቱ መነሻ የሆነው የቦታ ስም ነው። ከዚያም አውሮፕላን እየተነሣ ፎቶግራፍ እያነሣ፣ ቀያሾች በየተራራው ላይ ምልክት እያቆሙ የ1:50,000ዎቹ ወረቀቶች አንድ በአንድ ወጡ። እያንዳንዱ ወረቀት 15 ደቂቃ በ15 ደቂቃ ነው፤ ወደ 27 ኪሎ ሜትር በ27 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ያንን ሥራ የሠሩ ቀያሾች ታሪክ አልተጻፈም። ጭነታቸውን በበቅሎ አድርገው፣ ወራት ድንኳን ውስጥ አሳልፈው፣ የአገሩን ሽማግሌ «ይህ ተራራ ማን ይባላል?» እያሉ የጻፉ ሰዎች ናቸው። ስሙን ሁለት ሦስት ሰው ጠይቀው ካላመሳከሩ ሥራው ተቀባይነት አያገኝም ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። አልበርቶኔን የሚያድነው ይህ ነበር።

ባለፈው ወር ጡረታ ከወጣ ቀያሽ ወዳጄ ጋር ቡና ስንጠጣ ይህን ሁሉ አወራሁት። ሳቀብኝ። «አሁን ማን ማስመሪያ ይይዛል?» አለና ስልኬን ተቀብሎ ካርታውን ከፈተ። ወደ ሰሜን ገፋው። የድንበሩ መስመር ታየ፤ ቀጭን፣ ግራጫ። ሁለት ጣቱን ዘርግቶ አቀረበው። ወንዞች ወጡ። እንደገና ዘረጋ፤ መንገዶች ወጡ፣ ከዚያ የቤት ጣሪያ፣ ከዚያ ዛፍ። በስልኩ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ የመስፈርት መስመር ከ100 ኪሎ ሜትር ወደ 10፣ ወደ 1፣ ወደ 50 ሜትር ወረደች። ወዳጄ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደና፣ አይይዝም የተባለውን አጭር የብረት ማስመሪያ አወጣ። መስታወቱ ላይ አድርጎ የድንበሩን መስመር ውፍረት ለካ።

«ግማሽ ሚሊ ሜትር» አለኝ።

ጣቶቹን ሰብስቦ አገሩን ሁሉ እስኪያሳይ ድረስ መለሰው። እንደገና ለካ።

«ግማሽ ሚሊ ሜትር።»